የሲራራ ነጋዴዎች መስገጃ

«ይሄ በክብ የተደረደረ ድንጋይ ምንድነው?» አለች ብርቱካን፣ ችካሏን ይዛ እንደቆመች።

ጁወይሪያ ልትመልስ ስትል ሰዳም ቀደማት። «ከእርሻ የተለቀመ ነው። ዝም ብሎ ድንጋይ።»

ጁወይሪያ ዞር ብላ አየችው። ዓይኑን ሰበረ። ቀጣፊ፣ አለች በሆዷ።

ብርቱካን ከደብረ ብርሃን የመጣች የመልክዓ ምድር ንድፍ ባለሙያ ናት። ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር የሚወጣውን የጥንት የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ ጎርፍ እየበላው ስለሆነ፣ ድንጋይ ልታስነጥፍበትና ዳር ዳሩን ዛፍ ልታስተክል ነው። ሁለቱ ተማሪዎች ቦታውን እንዲያሳይዋት ከትምህርት ቤት ተመርጠዋል። በስብሰባው ላይ «ቅርስ ካላችሁ ንገሩኝ» ስትል ሽማግሌዎቹ መስጊዱንና አሮጌውን ገበያ ነገሯት። ግድግዳም ጣሪያም የሌለውን የድንጋይ ክብ ማን ቅርስ ይበለው? ነጋዴዎቹ ዳገቱን ከመጀመራቸው በፊት በቅሎዎቻቸውን አስረው ይሰግዱበት ነበር። ዛሬም የአገሩ ሰው ጫማውን ሳያወልቅ አይረግጠውም። ሁሉም ስለሚያውቀው ማንም አላነሳውም።

«መንገዱ በዚህ መሃል ካለፈ ይቀናል» አለች ብርቱካን፤ መዶሻ ልታመጣ ወደ መኪናው ወረደች።

«ለምን ዋሸህ?»

«በአላህ ጁዌ፣ ዝም በይ። በዚህ ካለፈ በእናቴ ሻይ ቤት ደጅ ነው የሚያልፈው። በላይ በኩል ከሄደ ማን ወደኛ ይወርዳል? ሻይ ቤቱን ዘግተን ደብረ ሲና መግባታችን ነው።»

«መስገጃ እኮ ነው።»

«አሁን ማን ይሰግድበታል? መስጊድ አለ አይደል? ዝም አይነቅዝም።»

እውነቱን ነው፤ የሚሰግድበት የለም ማለት ይቻላል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከሰዳም ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። እናቱ እትዬ ሰሊሃ ከልጃቸው ለይተዋት አያውቁም።

ብርቱካን ተመለሰች። «በል ሰዳም፣ መሃል ገብተህ ችካሉን ያዝልኝ።»

ሰዳም ችካሉን ተቀበለ። ክቡ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ግን እግሩ እምቢ አለው። ጫማውን ቢያወልቅ ውሸቱ ሊታወቅ ነው፤ ሳያወልቅ መግባት ደግሞ አልቻለም።

«አንቺ ያዢላት» አለና ችካሉን ለጁወይሪያ ሰጣት።

ጁወይሪያ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ፈታች። ጫማዎቿን ጠርዙ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣ በባዶ እግሯ ገባች።

ብርቱካን ጫማዎቹን፣ ከዚያም ሰዳምን አየች። መዶሻውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አኖረችው።

«ልንገርዎት» አለች ጁወይሪያ። ከኋላዋ ሰዳም ቁልቁለቱን ሲወርድ ይሰማታል። ዞራ አላየችውም።