ሠዓሊዋና የሊቁ ዓይን

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ካበቃ አሥረኛ ዓመቱን በያዘበት ዘመን፣ ብርዱ የመስኮቱን መስተዋት ሁሉ ባደበዘዘበት አንድ ማለዳ፣ ባለ ሁለት ፈረስ ሠረገላ ከአንድ ትንሽ የዓይን ሐኪም ቤት ደጃፍ ቆመች፤ ከውስጧም በከተማው ያለ ሐኪም ሁሉ ቆሞ የሚሰማቸው አንጋፋው ሊቅ በባለቤታቸው ክንድ ተደግፈው ወረዱ። የደረጃውን ጫፍ በእግራቸው እየዳሰሱ ሲፈልጉ ያየ መንገደኛ ባርኔጣውን አንሥቶ አሳለፋቸው።

ሬቲና የሚባለው በዓይን ጓዳ ውስጥ እንደ ግድግዳ ወረቀት የተለጠፈ ስስ ሽፋን ነው፤ ሽፋኑ ከግድግዳው ሲላቀቅ በዚያ ዘመን መድኃኒት የለውም ይባል ነበር። ሊቁም በመጽሐፋቸው፣ እንዲህ ያለውን በሽተኛ በመልካም ቃል ወደ ቤቱ አሰናብቱት ብለው ጽፈዋል። ሰውየው ለራሳቸው የማያዳሉ ነበሩና የገዛ ግራ ዓይናቸው በዚሁ ደዌ ሲጠፋ ማንንም ሳያስቸግሩ ወደ ማስተማራቸው ተመልሰዋል። አሁን የቀራቸው ቀኙ ብቻ ነበር፤ እሱንም ከሰሞኑ ወዲህ ጥላ ከታች ወደ ላይ እየሸፈነው ነው።

የሐኪም ቤቱ ባለቤት የቀድሞ ተማሪያቸው ነበረች። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ የበሽተኞቿን ሬቲና በቀለም እርሳስ ስትስል ስለምትውል "ሠዓሊዋ" የሚል ቅጽል ያወጡላት እሳቸው ናቸው፤ በሐኪሙ መነጽር የዓይን ጓዳ የሚታየው ተገልብጦ በመሆኑ ወረቀቱን ዘቅዝቃ ትስላለች፤ ባልደረቦቿም በዚህ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁባት ነበር። በኋላ፣ ሽፋኑ የሚላቀቀው በላዩ ላይ በተቀደደች ቀዳዳ ውኃ ሾልኮ ስለሚገባ ነው፤ ቀዳዳዋን ፈልጎ በጋለ ብረት ጫፍ መድፈን ይቻላል የሚል አሳብ ከሩቅ አገር መጣ። ልትሞክረው ፈቃድ ብትጠይቅ ሊቁ፣ "በእኔ ጣራ ሥር የሰው ዓይን አይተኮስም" አሏት፤ ጓዟን ጠቅልላ ከሐኪም ቤታቸው ወጣች። ከዚያ ወዲህ በዚህች ጠባብ ቤት የአንዳንዶችን ዓይን አድናለች፤ ያላዳነቻቸውም አሉ፤ የእነሱ ነገር ሲያንገበግባት ይኖራል።

"አንተ ሰውዬ፣ ግባ እንጂ" አሉ ባለቤታቸው ከደጃፉ ላይ። "ዕድሜ ልክህን ስታስተምር ኖረሃል፤ ዛሬ ደግሞ ተማር።"

ሊቁ ተቀመጡ። "ይቅርታ አድርጊልኝ፤ የእሷን ጭቅጭቅ መቼም ታውቂዋለሽ።"

"እንኳን መጡ፣ መምህር። ቀና ይበሉልኝ።"

መስኮቱን ጋርዳ መብራቷን አበራች፤ ግራጫው ሽፋን በዓይናቸው ጓዳ ውስጥ እየተጣጠፈ ሲወዛወዝ አየች፤ ቀዳዳዋን ግን አጣቻት። ሽፋኑ እንዲረጋ አልጋ ላይ አጋድማ ዓይናቸውን አስራ አሳደረቻቸው፤ በማግስቱም ብትፈልግ የለችም። ቀዳዳዋ ካልተገኘች የሚተኮስ ቦታ የለም፤ ጥላው ደግሞ መኻሉን ለመሸፈን ጥቂት ቀርቶታል።

"አላገኘሽውም" አሉ ሊቁ።

"አላገኘሁትም። መምህር፣ ጥላው ሳይመጣ በፊት መጀመሪያ የታየዎት ምን ነበር?"

ፊታቸውን አኮሳተሩ። "በሽተኛ የሚያየውን አያውቅም፤ የምናይለት እኛ ነን ብዬ አላስተማርኩሽም?"

"አስተምረውኛል። እኔ ግን አሁን ማየት አቃተኝ።"

"ለእኔ የነገርከኝን ለእሷ መንገር ምን አሳፈረህ?" አሉ ባለቤታቸው።

ሊቁ እንደ ተማሪ አንገታቸውን ደፍተው፣ "ብልጭታ ነው" አሉ። "ዓይኔን ባዞርኩ ቁጥር፣ ከታች፣ በአፍንጫዬ በኩል፣ ክብሪት የተጫረ ይመስለኝ ነበር።"

በዓይን ሥርዓት፣ ከታች በአፍንጫ በኩል የታየው ነገር የሚነሣው ከላይ በጆሮ በኩል ነው። "እንግዲያውስ ወደ ላይ፣ ወደ ጆሮዎ በኩል ይመልከቱልኝ፤ እስኪያምዎ ድረስ" አለችና መብራቷን ወደ መጨረሻው ዳር ገፋችው። እዚያ ነበረች። የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላት ቅድ፣ በግራጫው መኻል ከሽፋኑ ጀርባ ያለው የደም መልክ በእሷ በኩል ቀልቶ ያበራል። ሠዓሊዋ እንዲህ ያለውን ስንት ጊዜ አይታለች፤ ሆኖም ሰው የሕመሙን አድራሻ ራሱ ይዞት ሲዞር መኖሩ እጅግ አስደነቃት።

በማግስቱ ዓይናቸውን አደንዝዛ፣ ርቀቱን ለክታ፣ የጋለውን ጫፍ አስገባች፤ ጥቂት ብትስት ጤነኛውን አቃጥላ ቀዳዳዋን እንደ ነበረች ልትተዋት ነው። ሊቁ ሁሉን እያወቁ ንቅንቅ አላሉም። ከዚያ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ታስረው ለሳምንታት በጀርባቸው ተኙ፤ ባለቤታቸውም በማንኪያ እያጎረሷቸው፣ "በትዳራችን እንዲህ ዝም ብለህ ሰምተኸኝ አታውቅም" ይሏቸው ነበር።

ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያዩት የባለቤታቸውን ፊት ነው። ሠዓሊዋ ትንሽ መብራት ከዓይናቸው ጥግ አስጠግታ ወዲያ ወዲህ ስታንቀሳቅስ ሊቁ በድንገት እጇን ያዙ።

"ዛፍ ይታየኛል። ቅርንጫፉ የበዛ ዛፍ።"

"የራስዎ የደም ሥሮች ናቸው፣ መምህር። በሬቲናዎ ላይ ያረፈው ጥላቸው ነው የሚታይዎት።"

የስንቱን ሰው ዓይን ጓዳ ሲያዩ የኖሩት አዛውንት የገዛ ራሳቸውን ያን ዕለት አዩ፤ እንደ ሕፃንም አለቀሱ። ሠዓሊዋም አብራቸው አለቀሰች። ዕንባቸው ሲደርቅ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

"ይነግሩኝ ነበር እኮ" አሉ። "በሽተኞቼ። ብልጭ አለብኝ፣ በዚህ በኩል፣ በዚያ በኩል ሲሉ ዝም አሰኛቸው ነበር።"

"ያኔ ማንም አያውቅም ነበር።"

"እኔ ደግሞ አልጠየቅኩም።"

ብርዱ ሲያልፍ ሊቁ ሠዓሊዋን አስከትለው ወደ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ሄዱ፤ ሰውየው ቀድሞ እሳቸው በመልካም ቃል ያሰናበቱት ነበር። ከተሸፈነው የስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጦ ድምፃቸውን ሲሰማ አወቃቸው።

"ምነው ዶክተር፣ በደኅና?"

"ያን ጊዜ ልትነግረኝ ጀምረህ ያቋረጥኩህን ልሰማ ነው።"

ልብስ ሰፊው ፈገግ አለ። "ዛሬ ለእኔ ምን ይረባኛል?"

"ለአንተ ምንም አይረባህም፤ ጊዜው አልፏል። ብትነግረኝ ግን እሰማሃለሁ።"

ሰውየው ከመጀመሪያው ብልጭታ ጀምሮ አንድም ሳያስቀር ነገራቸው፤ ሊቁም ባርኔጣቸውን በጉልበታቸው ይዘው ቃል ሳይተነፍሱ ሰሙት። ሠዓሊዋ ከበሩ ቆማ ቦታውን በልቧ ትስል ነበር፤ ቀዳዳው ከላይ፣ ለእጅ በሚመች ስፍራ፣ ለመድፈን ከሁሉ በሚቀልለው በኩል ነበረ። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

የሊቁ መጽሐፍ በሚቀጥለው እትም ምዕራፉ ተለውጦ ወጣ፤ የሠዓሊዋም ሥዕሎች ለተከታዮቿ ማስተማሪያ ሆኑ። ወደየቤታቸው የተሰናበቱትን ግን ታሪክ በስማቸው አላነሣቸውም፤ ሁሉንም ጠቅልሎ፣ "ቀድሞ ለዚህ ደዌ መድኃኒት አልነበረም" ብሎ ያልፋቸዋል። ይህም ሐሰት አይደለም።