ቢጫ በሰማያዊ

የእርዳታ ድርጅቱ ሠራተኛ ተገኘ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ግንባሩን በኮምፒዩተሩ መጻፊያ ላይ ደፍቶ ነው የሞተው። ማጅራቱን የመታው የጎማ መፍቻ እግሩ ሥር ወድቋል። ከፊቱ ያለው ስክሪን ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ በሰማያዊ መደብ ላይ ቢጫ ፊደላት እያበራ ነበር።

መርማሪው መቶ አለቃ ወልደሰንበት እንዲህ ያለ ማሽን አይቶ አያውቅም። ያላወቀውን መንካት ስለማይወድ «ማንም እጁን እንዳያሳርፍበት» ብሎ አዘዘ።

መፍቻው የእርዳታ ድርጅቱ ሾፌር የሰይድ ነበረና ሰይድ ከጁምዓ ሶላት ሲወጣ ተያዘ። ከአውራጃው ተደውሎም «ዛሬ ማታ ወደ አዲስ አበባ ይላክ» ተባለ። አፈሳው በበረታበት በዚያ ዓመት የተላከ ሰው መመለሱን እንጃ። ሚስቱ ሀሊማ ምሳውን ይዛ የጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆማለች።

ወልደሰንበት በቅድሚያ የጠየቀው የጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ፣ የፓርቲውን ሰው ብሩን ነው።

«ጓድ ብሩ፣ ሬሳውን መቼ አገኙት?»

«መብራት ጠፍቶ ሳለ። ሰይድ ከክፍሉ ሲወጣ አይቼ ገባሁ፤ ተገኘ ሞቷል።»

«መብራት ሳይመጣ?»

«ሳይመጣ ነው እንጂ። የመጣው ስልከኛዋ እስክታገናኘኝ ስጠብቅ ነው።»

ብሩ ሲናገር አይቸኩልም። ሌላውን መጠየቅ እንጂ ራሱ በሌላ ሰው መጠየቅን አልለመደም።

ዘበኛው ኤሊያስ ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ ቀረበ።

«ሰይድ መብራት እንደጠፋ ወደ መስጊድ ወጣ፣ ጌታዬ። ሶላቱ ሳያልቅ መብራት መጣ።»

«ሌላ የገባ፣ የወጣ?»

«ማንም። ውስጥ የነበሩት ጓድ ብሩና ሟቹ ናቸው።»

«መፍቻውስ?»

«ኮሪደሩ ላይ ነው የሚቀመጠው።» ዙሪያውን አየና ድምፁን ቀነሰ። «ጓድ ብሩ የሰው ልጅ ለጦርነት እያሳፈሱ የራሳቸውን ልጅ ሞርሲቶ ከተማ ደብቀዋል። የተገኘ ወንድም በቀደም ታፈሰ። ተገኘም ስብሰባ ላይ አወጣዋለሁ ብሎ ሲዝትባቸው ሰምቻለሁ።»

ጸሐፊዋ ገነቴ ለቅሶ ልትደርስ አንጋጫ ሄዳ በአውቶቡስ ገና መመለሷ ነው። አንዱን ለቅሶ ትታ ሌላው ጠበቃት።

«ይህ ቀለም የማሽኑ ነው?» አላት።

«አይደለም። ዩኒክስ የሚባለው የማሽኑ ፕሮግራም ሲነሣ ነጭ ፊደል በጥቁር ነው። ተገኘ ያ ዓይኑን ስለሚያመው ሴትከለር ብሎ ይጽፍና ቢጫ፣ ሰማያዊ ብሎ ያዘዋል። መጀመሪያ የፊደሉን፣ ቀጥሎ የመደቡን። ትእዛዙን የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነን።»

«መብራት ቢጠፋስ?»

«ማሽኑ ትእዛዙን ይረሳዋል። መብራት ሲመለስ ማሽኑ ራሱ ይነሣል፤ ቀለሙ ግን ነጭ በጥቁር ነው። ተገኘም “ይሄ ውለታ ቢስ፣ ደግሞ ረሳኝ?” እያለ እንደገና ያዘዋል» አለችና አለቀሰች።

ወልደሰንበት ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበ። ሰይድም እጁን ታስሮ መጣ።

«ሰይድ የወጣው መብራት ጠፍቶ ሳለ ነው» አለ መርማሪው። «መብራቱ ሲመጣ መስጊድ ነበር፤ ሰጋጁ ሁሉ አይቶታል። መብራቱ ሲመጣ ደግሞ ይህ ስክሪን ነጭ በጥቁር ሆኖ ተነሣ። አሁን ግን ቢጫ በሰማያዊ ነው። ገነቴ አንጋጫ ነበረች። ስለዚህ ቀለሙን ያዘዘው ተገኘ ራሱ ነው። መብራት ከመጣ በኋላ በሕይወት ነበር ማለት ነው። ጓድ ብሩ ግን “ሳይመጣ ሞቶ አገኘሁት” አሉን። በዚያ ሰዓት ቤቱ ውስጥ ከሟቹ ጋር የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ብሩ ተነሣ። ረጋ ብሎ ወደ ማሽኑ ሄደና ማብሪያውን ተጫነ። ሰማያዊው ጠፋ። እንደገና ሲጫነው ማሽኑ ጥቂት አጉረመረመና ነጭ ፊደል በጥቁር ላይ ወጣ።

«የቱ ሰማያዊ?» አለ።

«ሁላችንም አይተናል። ኤሊያስ፣ አላየህም?»

«ኤሊያስ» አለ ብሩ፣ «ልጅህ ለአቅመ ውትድርና ደረሰ አይደል?»

ዘበኛው መሬት መሬት አየ። «እኔ ቀለም አልለይም፣ ጌታዬ።»

ገነቴ ከመጠየቋ በፊት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እነሱም ልጅና ወንድም ያላቸው ናቸውና ማን ይፈርድባቸዋል? ወልደሰንበት አልፈረደባቸውም። እሱ ቢጽፍ ጽሑፉን የሚያነበው ብሩን የሾመው ሰው ነው። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን አቅም አጥቶ አያውቅም። ሰይድ ብቻ ቀና ብሎ አየው፤ አልወቀሰውም፤ ያ ደግሞ የባሰ ነበር።

ሲወጣ ሀሊማ በሩ ላይ ያዘችው።

«ገዳዩን አገኙት ይላሉ፣ እውነት ነው ጌታዬ?»

«እውነት ነው።»

«ሰይድ አይደለም?»

«አይደለም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለችና ፊቷ በራ። «እንግዲያው ይሄን ምሳ ልመልሰው። ቤት ገብቶ ትኩስ ይበላል።»

ወልደሰንበት እጁን ዘረጋ።

«ስጪኝ፣ እዚሁ ይብላ» አላት። «መንገዱ ሩቅ ነው።»