ገለምሶ ላይ የለካሁት የጭሮ ቤት

እኔ በመንፈስ በምናምን የማምን ሰው አይደለሁም፣ አናጺ ነኝ፣ ግድግዳ ቢንቋቋ ምስጥ ነው ብዬ ገልበጥ ብዬ የምተኛ፣ እመነኝ ወዳጄ፣ ይህንን ሌላ ሽማግሌ ቢያወራልኝ ጫቱን ቀንስ ብዬ እመክረው ነበር።

እዚህ ጭሮ እትዬ ጽጌ የሚባሉ ጎረቤት አሉኝ፣ የፈረሰውን የአባቴን ባለ ሰባት ክፍል ቤት ሳልሞት በወረቀት እንኳ ልየው አሉ፣ ፎቶ የለም፣ ግን ያንን ቤት የሠራው ግሪክ መሐንዲስ ገለምሶ ላይ የሠራው ሌላ ቤት እስካሁን ቆሟል፣ እኔም አፌ መች ያርፋል፣ የሰውዬው እጅ አንድ ነው፣ የገለምሶውን ለክቼ የእርስዎን አወጣዋለሁ ብዬ ጎረርኩ። ያልነገርኳቸው፣ ያኔ መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ ቤቱ ሲፈርስ መዶሻውን ያነሳሁት እኔ መሆኔን ነው፣ የጀመርኩትም አባታቸው አልወጣም ብለው ከተቀመጡባት ክፍል ነው፣ አቧራው ውስጥ ሲያስሉ ሰዎች ተሸክመው አወጧቸው፣ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

ዓርብ ቀትር ላይ ገለምሶ ደረስኩ፣ ዘበኛው አህመዲን በሩን ከፈተልኝ፣ የሜትሩን ጫፍ በጎን ባለው በር ሰድጄ ያዝልኝ አልኩት፣ ከማላየው ከግድግዳው ወዲያ ሳብ ተደርጎ ተያዘ፣ ቁጥር እየተጠራልኝ እጽፍ ጀመር። ድምፁ ጎርነን ብሎ ሳል አለበት፣ ጉንፋን ነው አልኩ፣ ሜትሩ በኃይል ሲሳብ ጣቴን ቆረጠኝ፣ ቀስ በል አንተ ሰው ብዬ ተቆጣሁ። ስድስተኛውን ክፍል ጽፌ ስጨርስ ነው ቤቱ አራት ክፍል ብቻ እንዳለው ትዝ ያለኝ፣ ጭንቅላቴን እንግዲህ ታውቀዋለህ።

«ሰባተኛውስ?» አልኩ፣ ድምፄ እንደ ግልገል ቀጥኖ።

«እሱን ያፈረሰው ይንገራት» አለኝ ድምፁ ከወዲያ፣ ሜትሩም ከእጄ ተመንጭቆ ሄደ።

ሮጥኩ ብል ጉልበቴ ይታዘበኛል፣ ብቻ ይህን ረጅም ቁመቴን አጉብጬ ወጣሁ፣ የግቢው በር ላይ አህመዲን መስገጃውን ታቅፎ ሲገባ ተጋጨን፣ ሜትሩን ለምን ነጠቅከኝ አልኩት።

«አቦ ጋሼ፣ የምን ሜትር?» አለኝ። «በሩን ከፍቼ ሄጄ ጁምዓ ሰግጄ መምጣቴ ነው።»

ቤቴ ገብቼ በተጠራልኝ ቁጥር ብነድፈው፣ የወጣው የገለምሶው ቤት አይደለም፣ በገዛ እጄ ያፈረስኩት ነው፣ በረንዳው ሳይቀር፣ አንዲት ክፍል ብቻ ባዶ፣ ያቺው አባታቸው የተቀመጡባት።

እትዬ ጽጌ አይተው አለቀሱ፣ ቀጥለው ጣታቸውን ባዶዋ ላይ አሳረፉ፣ ወረቀት አነሰኝ አልኩ፣ እንደ አናጺነቴ ስዋሽም ለክቼ ነው።

«ሌላውን ሁሉ ሲጠራልህ ያቺን ለምን ከለከለህ?» አሉኝ።

ቁጥር የጠራልኝ እንዳለ ለማንም አልተነፈስኩም። መዶሻውንም፣ ክፍሏንም፣ ሳሉንም አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ፣ እሳቸው አልተቆጡም፣ ብቻ ወደ ጓዳቸው ዞረው፣ «ሰሙት አይደል አባባ?» አሉ።

ወዳጄ፣ እትዬ ጽጌ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ከጓዳ ውስጥ ያው ሳል ተሰማ፣ ቁጥርም ተጠራ፣ አንድ ሜትር ከሰማንያ በስልሳ። ይሄ የክፍል ልክ አይደለም፣ ስንቱን የሬሳ ሣጥን ሠርቻለሁ፣ አውቀዋለሁ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ እትዬ ጽጌ ግን አጭር ናቸው።