ከታች ሆኖ ወደ ላይ የማይደርስ እጅ

ሙዓዊያ ሰመራ ባለው የኮምፒውተርና የስልክ መጠገኛ ሱቁ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። የኋላ ጭንቅላቱ በብረት ተፈርክሷል፤ አንዴ አይደለም፣ ሰባት ስምንት ጊዜ። ደሙ እስከ ደጃፉ ወርዶ በሙቀቱ ደርቋል። ምነው፣ የሰው ልጅ እንዲህ ይጨክናል?

ለሌላ ጉዳይ ዱብቲ የነበረችው የአዋሽ ከተማ ፖሊስ መርማሪ፣ ኢንስፔክተር የዓለምወርቅ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ደረሰች። የሟች ወንድም አብዱሰላም የአፋር ጩቤውን፣ ጊሌውን፣ መዞ ቆሟል። የሱቁ ሠራተኛ ዊዳድ ጥግ ላይ የስድስት ወር ልጇን ደረቷ ላይ አጣብቃለች። ምስኪን፣ ያን ሕፃን ይዛ የት ትሸሻለች!

«እሷ ናት! የሱቁ ካሜራ የሚቀዳበትን ፕሮግራም የጻፈችው እሷ፤ ወንድሜ ሲገደል ማሽኑን ያቆመችውም እሷ። ወይ እርስዎ ይውሰዷት፣ ወይ እኔ እጨርሳታለሁ!»

«ጊሌውን ወደ አፎቱ መልስ አብዱሰላም። አንድ ሬሳ ይበቃናል።»

የካሜራው አሮጌ ኮምፒውተር ሰባት ሰዓት ከአሥር ላይ ሰማያዊ የብልሽት ገጽ አውጥቶ ቀጥ ብሏል። በዚያ ሰዓት የሰመራ ሰው ሁሉ ከፀሐዩ ሸሽቶ ተኝቷል።

«አንቺስ የት ነበርሽ?»

«ቤቴ፣ ልጄን ሳጠባ። ወላሂ፣ ያየኝ ግን የለም» አለች ዊዳድ። «ሙዓዊያ ጠዋት ተቆጥቶ ነበር። ሴቶች ለጥገና ካመጡት ስልክ ፎቷቸውን የሚቀዳ ሰው አግኝቻለሁ፣ ከአስር ሶላት በኋላ ለቤተሰቦቻቸው እናገራለሁ አለ። ማን እንደሆነ አልነገረኝም።»

ሌላው ሠራተኛ ካሚል ከወሎ ከመጣ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። በረዶ የሠራ ሃይላንድ ውሃ በቀኝ እጁ ጨብጦ ተቀምጧል።

«ሎጊያ ምሳ እየበላሁ ነበር እህቴ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ፕሮግራሟ የከርነሉን፣ የማሽኑን ዋና አዛዥ፣ የማስታወሻ አድራሻ ረገጠና ማሽኑን ይዞት ወደቀ።»

«በማሽኑ ላይ ሙሉ ፈቃድ ያለው ማን ነው?»

«ሟቹና እኔ» አለ ኮራ ብሎ። «እሷ የላትም።»

አሥር ሰዓት ላይ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው። ደም የለበሰው የበር መወርወሪያ ብረት ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል።

«ዊዳድ፣ በዚህ ተመሳሳይ ማሽን ካሚል ያለውን አድርጊ። ፕሮግራምሽ የከርነሉን አድራሻ ይንካ።»

ዊዳድ ሕፃኗን በአንድ ክንዷ እንደያዘች ጻፈች። ፕሮግራሙ ተዘጋ። የማሽኑ ሰዓት ግን መቁጠሩን ቀጠለ።

«አያችሁ?» አለች የዓለምወርቅ። «በዚህ ማሽን የማስታወሻው አድራሻ ለሁለት ተከፍሏል፤ ታችኛው ግማሽ ለፕሮግራሞች፣ ላይኛው ለከርነሉ። ከታች ያለው ወደ ላይ እጁን ቢዘረጋ ይታገድና እሱ ብቻ ይሞታል። ማሽኑን ሙሉ የጣለው ላይ፣ ከከርነሉ ጋር የሚኖር ነገር ነው። ሰማያዊው ገጽ የጻፈውም ካሜራውን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘውን ድራይቨር ስም ነው። እሱን ደግሞ ያለ ሙሉ ፈቃድ ማንም አያስገባውም። ሟቹ የራሱን ካሜራ አሳውሮ ራሱን ከኋላ አልደበደበም።»

«ድራይቨር በራሱም ይበላሻል!» አለ ካሚል።

«ይበላሻል። ያ ሃይላንድ ግን ምን ሆነ? ሁለት ሰዓት ሙሉ ጨብጠኸው አንዴ እንኳ አልተጎነጨህም። ይህ ብረት ደጅ ፀሐይ ላይ ነበር የዋለው። የሰመራ ሰው ቀትር ላይ ብረት የሚያነሳው በሽርጡ ጠቅልሎ ነው። አንተ ገና እንግዳ ነህ፤ የመዳፍህ ቆዳ እዚህ ተጣብቆ ቀርቷል። እጅህን ዘርጋ።»

ሃይላንዱ ወደቀ። መዳፉ ተልጦ ቀይ ሥጋው ይታያል።

«ሙዓዊያ በሴቶቹ ፎቶ ሊያዋርደኝ ነበር!» ብሎ ጮኸ፤ ብረቱን አፈፍ አድርጎ በዊዳድ ላይ ሰነዘረ። ሕፃኑን!

አብዱሰላም መሐል ገባ። ክንዱ ቋ ብሎ ተሰበረ። የዓለምወርቅ ካሚልን ከወለሉ ጋር አጣብቃ በካቴና አሰረችው።

ዊዳድ ሻሿን ፈትታ የአብዱሰላምን ክንድ መጠቅለል ጀመረች።

«ልገድልሽ ነበር እኮ» አለ አብዱሰላም ከወገቡ በወደቀው ጊሌ ላይ አፍጥጦ።

«አትንቀሳቀስ» አለችው። «አጥንቱ ይወጣል።»