የስምንተኛዋ ድምፅ

ናዝራዊት የተገኘችው እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከቅድስት ሞኒካ የሴቶች ኮሌጅ በላይ፣ ወደ እንጦጦ ከሚወጣው አቋራጭ የእግር መንገድ ሥር፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተጋድማ ነበር። የወደቀችበት ገደል ከሁለት ሰው ቁመት አይበልጥም። ቀኝ እግሯ ተሰብሯል፤ የገደላት ግን ስብራቱ አልነበረም።

«ብርድ ነው» አለ ሐኪሙ። «ብዙ ሰዓት ቆይታለች። ያለፈችው ሊነጋጋ ሲል ይመስለኛል።»

ኢንስፔክተር ፈትለወርቅ አስከሬኑ ሲነሣ ተንበረከከችና ከሥሩ የነበረውን የባሕር ዛፍ ቅጠል በጣቶቿ አሸችው። ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ። ዙሪያው ግን ትናንት ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ሲወርድ ባደረው ዝናብ ርሶ ጭቃ ሆኗል። የልጅቷ ቦርሳ አራት እርምጃ ርቆ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሏል። ከፈተችው። የዝናብ ልብሷ እንደታጠፈ ነበር።

እኩለ ቀን ሳይሆን የኮሌጁ ዘበኛ አካሉ ታሰሩ።

ነገሩ ለፈትለወርቅ አዛዥ ቀላል ነበር። ናዝራዊት የእግር ጉዞ ማኅበር አባል ናት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ተማሪዎች ከሲስተር ደብሪቱ ጋር ተራራ ወጥተው ተመልሰዋል። በማኅበሩ ሥርዓት እያንዳንዷ አባል እስክትመረቅ የማይለወጥ ቁጥር አላት፤ ሲስተር «ቁጠሩ» ሲሉ ከአንድ እስከ ዘጠኝ በየተራ ይጠራሉ። ናዝራዊት ስምንት ነበረች። በአሥራ አንድ ሰዓት፣ በኮሌጁ የላይኛው በር ላይ፣ «ስምንት» ሲባል ሁሉም ሰምተዋል። ስለዚህ ልጅቷ ገብታለች። ተመልሳ ከወጣች ደግሞ በሩን የከፈተላት አለ፤ ወደ ተራራው የሚያስወጣው ይህ በር ብቻ ነው፤ ቁልፉም ያለው አንድ ሰው ዘንድ ነው።

«ነገ ሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ» አላት አዛዡ። «ዘጠኝ ምስክር አለኝ። አንቺ ምን አለሽ?»

«ደረቅ ቅጠል» አለች ፈትለወርቅ።

አካሉ በጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ እጃቸው ታስሮ ተቀምጠዋል። ቀና አላሉም።

«ከእኔ ሌላ ቁልፍ የያዘ የለም፣ ልጄ። ሃያ ሰባት ዓመት የቆለፍኩት እኔ ነኝ። አሁን እኔም ራሴን አላመንኩትም። ምናልባት ሳላውቅ ከፍቼ ይሆናል።»

«ሰው ሳያውቅ በር አይከፍትም፣ አባባ።»

«ሰፈራችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሁሉ ሰምቷል አሉ። ልጆቼ ነገ በየት በኩል ያልፋሉ?»

«ከተቆለፈ በኋላ ማን መጣ?»

«ማንም። ያቺ የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ሃኒ፣ ከእራት በኋላ ጃንጥላ ይዛ ሁለት ጊዜ ብቅ አለች። ‹የሚያንኳኳ አለ ወይ?› ትለኛለች። ‹ሁላችሁም ተቆጥራችሁ ገብታችኋል፣ ማን ሊያንኳኳ ነው?› ብዬ ሳቅሁባት።»

«ሌላስ?»

«ውሻው። ወደ ተራራው ዞሮ ሲጮኽ አመሸ። ጅብ የሸተተው መስሎኝ በድንጋይ መትቼ ዝም አሰኘሁት።»

ፈትለወርቅ ስለ ሃኒ ያሉትን ጻፈች። ስለ ውሻው ያሉትን መጻፍ አልቻለችም።

በኮሌጁ ግቢ፣ ሲስተር ደብሪቱ በማኅበሩ ክፍል ውስጥ ቆመው ጠበቋት። ጣታቸው ከመቁጠሪያቸው ላይ አልተነሣም።

«ልጆቹን የምቆጥረው በዚህ ነው። አንድ ድምፅ ስሰማ አንድ ፍሬ አሳልፋለሁ። በሩ ላይ ዘጠኝ ፍሬ አለፈ።»

«ዞረው አዩአቸው?»

«ከፊት የምመራው እኔ ነበርኩ። በደመናው ጨልሟል፣ ሁሉም ቆብ አጥልቀዋል፤ የበሩ ቆርቆሮ በዝናቡ ይንጫጫል። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ድምፁን አመንኩ።»

«ቁጥር ጎድሎ ያውቃል?»

«ባለፈው ወር ናዝራዊት ዘግይታ ጎደለ። ዲኗ ‹ዳግመኛ ከጎደለ ማኅበሩ ይዘጋል› ብለው ጻፉልን። የመዘምራኑም የተከራካሪዎቹም ማኅበር የሚሰበሰበው ግቢ ውስጥ ነው። ልጆቹን ከግንቡ ውጭ የሚያወጣቸው የእኛ ማኅበር ብቻ ነበር።»

ቀጥላ የገባችው ተቅዋ ናት፤ ቁጥሯ ሁለት ነው።

«እኔ ከሃኒ አልለይም። ቁልቁለት ስለምፈራ ቦርሳዋን ይዤ ነው የምወርደው። ልጆቹ ‹ተጎታች› ይሉኛል» አለች። ልትስቅ ጀምራ አቆመች።

«በሩ ላይ ‹ስምንት› ያለው ድምፅ ከየት መጣ?»

«ከፊት። በአቋራጩ ቀድማን በሩ ጋ የደረሰች መሰለኝ። ሁልጊዜ እንደዚያ ታደርጋለች።»

ዘጠነኛዋ ሰዓዳ የሰልፉ መጨረሻ ነበረች። ገና ሳትጠየቅ ተናገረች።

«ስንመለስ መንገድ ላይ ካለው ምንጭ ጋ ስንቆጠር ‹ስምንት› ያልኩት እኔ ነኝ። እናቷ ሆስፒታል ተኝታለች። ከምንጩ በላይ ካለው ቋጥኝ በቀር ኔትወርክ የለም፤ እዚያ ቀርታ ትደውላለች፣ እኔ እሸፍንላታለሁ፣ በአቋራጩ ትደርስብናለች። ክፍል ውስጥም ላረፈደች ጓደኛ ‹አቤት› እንላለን። ከዚያ ያለፈ ነገር አልመሰለኝም።»

«በሩ ላይስ?»

«በሩ ላይ አፌን ያዝኩ። አልደረሰችም፤ ቁጥሩ ይጉደል፣ እንመለስ ብዬ። ሰባት ተባለ። ዝም። ከዚያ ‹ስምንት› የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ከሩቅ፣ ከፊት። ደርሳለች ማለት ነው። ‹አልሐምዱሊላህ› ብዬ ዘጠኝ አልኩ።» ፊቷን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። «እራት ላይ ሳጣት ደክሟት ተኝታለች አልኩ። የክፍል ጓደኛዋ ቤተሰቦቿ ጋ ሄዳ ነበር።»

ሃኒ የመጨረሻዋ ነበረች። ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ ዓይኗ ግን እንቅልፍ አላየም።

«‹ስምንት› ሲባል ከየት ሰማሽው?»

«ከኋላዬ። እኔ አንድ ነኝ። ሁሉም ከኋላዬ ናቸው።»

«ከእራት በኋላ የት ነበርሽ?»

«ክፍሌ። የማኅበሩን ሪፖርት ስጽፍ።»

«ጽፈሽ ጨረስሽ?»

ሃኒ ጥያቄው ያልገባት መሰለች። «አልጨረስኩም» አለች።

በአሥር ሰዓት ሁሉም በማኅበሩ ክፍል ተሰበሰቡ፤ ሲስተር ደብሪቱ፣ ስምንቱ ተማሪዎች፣ አዛዡ። አካሉ እጃቸው እንደታሰረ በር አጠገብ ቆሙ። ሲስተር ወንበር ቢያቀርቡላቸው አልተቀመጡም።

ፈትለወርቅ ከኪሷ አንድ ቅጠል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ይህ ከናዝራዊት ሥር የነበረ ነው። ደረቅ ነው። ዝናቡ የጀመረው አሥር ሰዓት ላይ ነበር። ዝናቡ ሲመጣ እሷ ከአቋራጩ እዚያ ወድቃ ነበር፤ ቅጠሉን ያዳነችው በገላዋ ነው። የዝናብ ልብሷን ከቦርሳዋ አላወጣችም፤ በእግሯ እየሄደች ዘንቦባት ቢሆን ትለብሰው ነበር። እናንተ እዚህ በር የደረሳችሁት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በስብሳችሁ ነው። ናዝራዊት በዚህ በር አልገባችም። ስላልገባች ተመልሳ አልወጣችም። ቁልፉ ምንም አላደረገም።»

አዛዡ ወደ አካሉ አየ፤ ከዚያ ወደ ወለሉ።

«ታዲያ ‹ስምንት› ያለው ማን ነው? ምንጩ ጋ ሰዓዳ ናት፤ ራሷ ነግራኛለች። በሩ ላይም እሷ ብትሆን ኖሮ ድምፁ ከሰልፉ መጨረሻ ይመጣ ነበር። ተቅዋ ግን የሰማችው ከፊቷ ነው። ከተቅዋ ፊት የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ ሲስተር ደብሪቱ ናቸው። ማኅበሩ እንዳይዘጋ ብለው ይሆን ብዬ አስቤ ነበር። ዳሩ ግን ያመሹት በጸሎት ቤት ነው፤ በር ላይ ወጥተው ማንንም አልጠበቁም። ሌላዋ ግን ‹ከኋላዬ ሰማሁ› አለችኝ። እሷና ተቅዋ መካከል ደግሞ አንድ ቦርሳ ብቻ ነበር።»

ማንም ወደ ሃኒ አልዞረም። ተቅዋ እጇን ከጠረጴዛው አንሥታ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው፤ ቦርሳውን የያዘችበትን እጅ።

«ሁሉም መግባቱን የሚያምን ሰው» አለች ፈትለወርቅ ዝግ ብላ፣ «በዝናብ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ‹የሚያንኳኳ አለ ወይ?› አይልም። ክፍልሽ ውስጥ አልነበርሽም፣ ሃኒ።»

ሃኒ ስትናገር ድምፅዋ ቁጥር የምትጠራ ይመስል ነበር።

«ሰባት ተብሎ ዝም ሲሆን ሰዓዳ መሸፈኑን የረሳችው መሰለኝ። ከጎደለ ማኅበሩ አለቀ። አራት ዓመት የደከምኩበት ነው። አሥር ደቂቃ ትቆያለች፣ ትመጣለች አልኩ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት አልኩ። ከእራት በኋላ ልናገር ወጣሁ፤ ጋሽ አካሉ ሲስቁ፣ ሞኝ የሆንኩ መሰለኝ። በታችኛው በር ገብታለች ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ጠዋት እሳቸውን ሲወስዷቸው...»

«እኔ እኮ ዝም ያልኩት እንድንመለስ ነበር» አለች ሰዓዳ።

«አላወቅሁም።»

«አጠገቤ ብትሆኚ እነግርሽ ነበር።»

በመካከላቸው የሰው ሰልፍ ነበር፤ ያንን ሁለቱም ያውቁታል። ሲስተር ደብሪቱ መቁጠሪያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እጃቸው ባዶውን ሲንቀሳቀስ ቆየ።

«ሕጉ ምን እንደሚል ዐቃቤ ሕግ ይናገራል» አለች ፈትለወርቅ። «የእኔ ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል። አባባ አካሉን ፍቷቸው።»

አዛዡ ራሱ ፈታቸው። ፈትለወርቅ በማስረጃነት ተይዞ የነበረውን የላይኛውን በር ቁልፍ ከፖስታው አውጥታ ዘረጋችላቸው።

«ነፃ ነዎት፣ አባባ። ልጆችዎ በፈለጉት መንገድ ያልፋሉ።»

አካሉ ቁልፉን አዩት፤ አልተቀበሉም። በመስኮቱ በኩል ውሻው ከላይኛው በር ሥር ተኝቶ ይታያል። አንድ እግሩን ያነክሳል።

«ውሻው ነግሮኝ ነበር» አሉ። «ሰው ያለው እውነት መስሎኝ ዝም አሰኘሁት።»

ቁልፉ በፈትለወርቅ መዳፍ ላይ ቀረ። ሽማግሌው ወጥተው ውሻው አጠገብ ጭቃው ላይ ተቀመጡ። ያን ቀን በሩን የቆለፈው የለም።