ፈንግል የፈራው ሻለቃ

«ፈንግል ራሱ፣ ይኸውላችሁ፣ እስከ በራችን ድረስ መጣ። ሻለቃን ሲያይ መንገድ ቀየረ!»

ኪብሮን ይህን ሲል ቀዩን አውራ ዶሮውን ሻለቃን እንደ ክርስትና ልጅ ከፍ አድርጎ ይዞት ነበር። ከቀጨኔ ቁልቁለት የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ግማሾቹ ሳቁ፣ ግማሾቹ አማተቡ። የትምህርት ቤት ጓደኛው እፀገነት ግን አልሳቀችም፣ አላማተበችምም። ዓይኗ የሻለቃ እግር ላይ ነው። እንደማንኛውም ዶሮ እግር ቅርፊታም ነው፤ ጭቃ ነክቶታል።

«አጎቴ ዘበኛ የሆነበት ላብራቶሪ ውስጥ ነው የተፈለፈለው፤» ቀጠለ ኪብሮን። «ገና እንቁላል ሳለ ጂኑን ከፍተው፣ በሽታ የሚገባባትን በር ቆርጠው ጣሉለት። እዚያ ያሉት ዶሮዎችማ ጉድ ናቸው! ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ሲያዩ ራሳቸው ሰልፍ ይይዛሉ። አንዷ ደግሞ ስታስነጥስ አፏን በክንፏ ትሸፍናለች አሉ።»

«አቤት የሰው ጥበብ!» አሉ ጎረቤታቸው እትዬ ደብሪቱ። «እንዲህ ከሆነማ ክትባቱ ምን ያደርግልኛል? ዶሮዎቼን ከሻለቃ ጋር አውላቸዋለሁ፤ ዘሩ ይገባልኛል።»

«እኔም፤» አለች ሌላዋ።

«እኔም።»

እፀገነትን ያስደነገጣት ይህ «እኔም» ነው።

ከታች አዲሱ ገበያ አካባቢ የዶሮ በሽታው ፈንግል ገብቷል። ፈንግል የገባባት ዶሮ ክንፏን ትጥላለች፣ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፣ አንገቷ ይጣመማል፤ ከዚያ በኋላ ያው የለችም። የእናቷ የወይዘሮ ዓለሜ እንቁላል ጣዮች ደግሞ ጓሮ ውስጥ ናቸው። አባቷ ከሞተ ወዲህ ቤቱ የሚተዳደረው እናቷ ለቁርስ ቤቶች በምታስረክበው እንቁላል ነው። የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ናዝሬት ቁርጡን ተናግረዋል። የክትባቱ ብልቃጥ ለመቶ ዶሮ ነው፤ አንዴ ከተከፈተ አያድርም። የሰፈሩ ዶሮ በአንድ ቀን ካልተሰበሰበ አይከፍቱትም። ጎረቤት ከቀረ የወይዘሮ ዓለሜ ዶሮዎችም ይቀራሉ ማለት ነው።

በማግስቱ የባዮሎጂ መምህሩን ከክፍል ሲወጡ አስቆመቻቸው።

«ቲቸር ኤርሚያስ፣ ጂኑ ተቀይሮ በሽታ የማይዘው ዶሮ የምር አለ?»

«ወደዚያ እየተሄደ ነው። ውጭ አገር ያሉ ተመራማሪዎች የወፍ ጉንፋን ቫይረስ የሚጠቀምበትን አንድ ጂን በጥቂቱ አስተካክለው ዶሮ አሳድገዋል። ብዙዎቹ በሽታውን ተቋቋሙት። ቫይረሱ ሲበዛባቸው ግን የተያዙም ነበሩ። ገና ምርምር ላይ ነው።»

«ፈንግልንስ?»

«ፈንግል ሌላ ቫይረስ ነው። አንዱ የሚገባበትን በር ብትዘጊ ሌላው በራሱ በር ይገባል።» ቲቸር መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። «ለመሆኑ ማነው እንዲህ ያለ ዶሮ አለኝ ያለሽ? እንዲህ ያለ ዶሮ ከምርምር ግቢ አይወጣም። ወጣ ከተባለ ወይ ሌባ አለ፣ ወይ ውሸታም አለ።»

እፀገነት የኪብሮንን አጎት ታውቃቸዋለች። ታክሲ ውስጥ የተረሳ ጃንጥላ አግኝተው፣ ባለቤቱን ፍለጋ ሰንበትን ሙሉ ሲዞሩ የዋሉ ሰው ናቸው። እንግዲህ ሌባው ተሰረዘ። የቀረው አንድ ነው።

እሷና ኪብሮን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ዳገቱ መሃል ላይ ፊቱ ቆመች።

«ኪብሮን፣ ሻለቃ ከላብራቶሪ ከወጣ በመድኃኔዓለም በል።»

«አጎቴ ይሙት!»

«በአጎትህ አላልኩህም።»

«እ... ማለቴ፣ ለዶሮ ታቦት ይጠራል እንዴ? ነውር አይደለም?»

ኪብሮን እኮ ለእርሳስ፣ ለጎል፣ ለግማሽ ማስቲካ መድኃኔዓለምን የሚጠራ ልጅ ነው። ዛሬ ገና ነውር ሆነበት።

«አታካብጂ ባክሽ፤» አለ ቦርሳውን እያስተካከለ። «ሰው ደስ ብሎታል፣ በቃ። ሰፈር ፊት እንዳታዋርጂኝ። ጓደኛዬ አይደለሽ?»

አባቷ የሞተ ጊዜ፣ ለቅሶ ቤት ድረስ መጥቶ ሊያስቃት የደፈረ እሱ ብቻ ነበር። ያን ጊዜም በውሸት ነው ያሳቃት።

ቅዳሜ ጠዋት ዶክተር ናዝሬት ሽሮ ሜዳ ናቸው ሲባል ሰምታ ታክሲ ያዘች። «ለእኛ ብቻ ይክፈቱልን» ብላ ልትለምናቸው ነው። በሸማኔው በጋሽ ሾዴ ግቢ መወርወሪያው ለዛሬ ዝም ብሏል፤ የሚጮኸው ዶሮ ነው። ሰው ዶሮውን በቅርጫት፣ በካርቶን፣ በብብቱ ይዞ ተሰልፏል። ሐኪሟ ብልቃጡን ከበረዶ ሳጥን ያወጣሉ፣ ዓይን ላይ አንድ ጠብታ ጠብ ያደርጋሉ፣ «ቀጣይ!» ይላሉ።

ከሰልፉ ጭራ፣ በዚያ ሁሉ ፀሐይ፣ ጋቢ የተከናነበ ልጅ ቆሟል። ከጋቢው ሥር ቀይ የጅራት ላባ ወጥቷል።

«ወባ ያዘህ እንዴ?» አለችው ከኋላው።

ኪብሮን ዘለለ። ጋቢው ውስጥ ሻለቃ ጮኸ።

«አንቺ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አንተስ? በሽታ የሚገባባት በር ተቆርጣ የለ?»

«ቀስ በይ እንጂ! ለጥንቃቄ ነው።»

ዝም ብላ አየችው። ኪብሮን ስድብ ይችላል፣ ኩርኩምም ይችላል፤ ዝምታ ግን አይችልም።

«እሺ በቃ። ከገበያ ነው የተገዛው። አምና ዶሮዎቻችን ሁሉ ሲያልቁ እሱ ብቻ ተረፈ። እንዴት ተረፈ ሲሉኝ አንድ ነገር አልኩ። ሲደሰቱ ጊዜ ጨመርኩበት።» ጋቢውን ገለጥ አድርጎ የዶሮውን አንገት ዳበሰ። «አሁን ቢሞትብኝስ፣ እፁ? ጥሬ የሚበላው ከእጄ ነው እኮ።»

«የእማዬስ ዶሮዎች? እትዬ ደብሪቱስ?»

ኪብሮን ሻለቃን መልሶ ጋቢው ውስጥ ከተተው።

ተራው ደረሰ። ጠብታዋ ሻለቃ ዓይን ውስጥ ስትገባ ዶሮው ጨፈነና ራሱን አራገፈ። እፀገነት ስልኳን አወጣች። አንድ ፎቶ ቴሌግራም ላይ ብትለቅ እስከ ማታ ድረስ ሰፈሩ በሳቅ ይፈርሳል። ኪብሮን ስልኩን አየ፤ አልለመናትም፣ ፊቱ ብቻ ጠቆረ። መልሳ ኪሷ ከተተችው።

«እናንተ የቀጨኔ ልጆች አይደላችሁ?» አሉ ሐኪሟ። «ያልተከፈተ አንድ ብልቃጥ አለኝ። ሰፈራችሁ ግን አንፈልግም ብሏል አሉ። ለእናንተ ቤት ብቻ ብዬ አልከፍተውም፤ የተረፈው ይጣላል። ከሰዓት ልምጣ ወይስ ይቅር?»

ልመናው አፏ ላይ ነበር፤ ሌላ ነገር ወጣ።

«ይምጡ፣ ዶክተር። በር በር እያንኳኳሁ እኔ አስወጣቸዋለሁ።»

ዳገቱን ሲወጡ ኪብሮን ከኋላዋ ነበር።

«የነገርሻቸው ቀን አላናግርሽም። የምሬን ነው።»

የምሩን ሊሆን ይችላል። የእፀገነት እግር ግን አልቆመም። እትዬ ደብሪቱ ደጃፍ ስትደርስ ዞር አለች።

«ጋቢውን አውልቅና ሻለቃን ይዘህ አጠገቤ ቁም። ካልፈለግህ ሂድ። ፎቶ አላነሳሁህም፣ አላነሳህምም። እትዬን ግን ዝም ልላቸው አልችልም።»

ኪብሮን አልሄደም። ጋቢውንም አላወለቀም።

የቆርቆሮውን በር አንኳኳች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እትዬ፣ እፀገነት። ዶሮዎችዎን ይሰብስቡ፤ ሐኪሟ ከሰዓት ይመጣሉ። የሻለቃንም ነገር ልነግርዎ ነው።»

መቀርቀሪያው ሲንሸራተት ሰማች። ኪብሮን ከኋላዋ ይኑር አይኑር ለማየት አልዞረችም።