በመጋረጃው በኩል የተዘረጋው እጅ

እውነቴን ነው የምልህ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ መንፈስ አየሁ የሚለኝን ሰው ሁሉ "ሂድ ተኛ፣ እንቅልፍ አልጠገብክም" እያልኩ ስቀልድ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ይህንንም ሳወራህ እያፈርኩ ነው።

እናታችንን ሐኪሞቹ "ከእንግዲህ የምናደርግላት የለም፣ ቤቷ ትረፍ" ብለው ሲያሰናብቷት፣ ከእህቴ ከሜሮን ጋር አያት ሰፈር ካለው ቤታችን ይዘናት እንጦጦ ጸበል ወጣን። አንዲት ክፍል ተከራይተን መሃሏን በመጋረጃ ከፈልናት፣ እነሱ በዋናው በር በኩል፣ እኔ በጓሮው በር በኩል። ላፕቶፕ ያለን አንድ ብቻ ነው፣ እኔ የትርጉም ሥራዬን፣ ሜሮን የመመረቂያ ጽሑፏን በተራ እንሠራበታለን። ጠዋት እማዬን አስጠምቃ ስትመለስ እሷም ረጥባ ስለምትመጣ ወደ እኔ አትገባም፣ ላፕቶፑን ለመቀበል በመጋረጃው በኩል እጇን ብቻ ትዘረጋለች። ጸበል የነካው ገላ በፎጣ አይጠረግም፣ እኔም "ኧረ ኪቦርዱን አበሰበስሽው!" እያልኩ እነዘንዛታለሁ።

የዚያን ቀን ጠዋት ጉሙ ደጁን አልፎ ቤት ሊገባ ምንም አልቀረውም። በሩ ሲጢጥ አለ፣ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ሰማሁ፣ ከዚያ እጁ ተዘረጋ።

"ቆይ አንቺ፣ አንድ መስመር ነው የቀረኝ" አልኳት።

እጁ እንደተዘረጋ ጠበቀኝ፣ እመነኝ፣ ንቅንቅ አላለም። ሰጠኋት፣ ጣቶቿ ሲነኩኝ ቅዝቃዜው እስከ ክርኔ ወጣ፣ ምስኪን በርዷታል አልኩ በልቤ። ወዲያው ቁልፎቹን ቀጭ ቀጭ ማድረግ ጀመረች፣ እኔም በጓሮው በር ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። መንገድ ላይ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ሜሮንን፣ እማዬን ደግፋ ዳገቱን ስትወጣ!

"ከየት ነው የምትመጡት?"

"ከጸበል ነዋ፣ ወረፋው ዛሬ አይጣል ነው።"

"ላፕቶፑን አሁን ሰጥቼሽ?"

"ለማን? አበድክ እንዴ?"

በሩ ላይ ስንደርስ ከውስጥ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሌባ ነው ልበል አልኩ፣ ሌባ ቁጭ ብሎ ይጽፋል እንዴ? ሜሮን ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ፣ እኔ ወንድ ነኝ ባዩ እግሬን ማንሳት አቃተኝ። እማዬ፣ ያለ ድጋፍ ቆማ የማታውቀዋ እማዬ፣ እጃችንን አስለቅቃ ብቻዋን ገባችና በሩን ከውስጥ ዘጋችው።

ድምፁ ቆመ። እማዬ ቀስ ብላ ታወራለች፣ ደግሞ እንደሚያዳምጥ ሰው ዝም ትላለች። ልለምናት ወይስ በሩን ልስበረው እያልኩ ቆሜ፣ ጥርት ብሎ የተሰማኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ "እሺ፣ ይሁን።"

ላፕቶፑን ታቅፋ ወጣች። ውስጥ ማንም የለም፣ አንድም ፊደል አልተጨመረበትም፣ ቁልፎቹ ግን ረጥበዋል።

"እማዬ፣ ማን ናት? ምን አልሻት?"

"አታውቋትም። ይልቅ ርቦኛል፣ የሚበላ ስጡኝ" አለችን፣ ስንት ጊዜ ለምነናት እህል እምቢ ያለችው ሴትዮ!

እማዬ ድናለች፣ ተመስገን፣ ሐኪሙም ግራ ገብቶታል፣ ጎረቤቱ ሁሉ እልል ብሏል። ትናንት ሜሮን ለእንቁጣጣሽ የሀበሻ ቀሚስ ላሰፋልሽ ብላ ልኳን ልትወስድ ሜትር ይዛ ቀረበቻት። እማዬ እጇን ያዝ አድርጋ ብዙ አየቻትና፣ "ለራስሽ አሰፊ የኔ ልጅ፣ ለእኔ አታሰፊልኝ፣ እሺ ያልኳት እስከዚያ ነው" አለቻት።

ከዚያ በላይ ለመጠየቅ ሁለታችንም ፈራን።